ምዕራፍ ሰባት፦ በደጅ የሚመለስ ጥሪ

በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ግብር በሚበላበት ቀን፥ አዳራሹ የሚችለው ሰው የተወሰነ፥ በደጅ የቆመው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለ ነበረ፥ ሥርዓት እንዳይፈርስ የሚጠብቅ አጋፋሪ የሚባል ሹም ነበር። የአጋፋሪው ጥበብ ሰውን በማባረር ሳይሆን በማስቆምና በማስገባት፥ አንዱ ተራ በልቶ ሲወጣ ሌላውን ተራ በመጥራት ላይ ነበር። አጋፋሪው ባይኖርና ደጅ ጠኚው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢገባ ግን ሌማቱ ይገለበጣል፥ ጠጅ አሳላፊው መላወሻ ያጣል፥ እንጀራው ሳይቈረስ ይረገጣል፤ በመጨረሻም በውጭ የቀረው ብቻ ሳይሆን በውስጥ የተቀመጠውም ጦሙን ያድራል። ስለ ቴሌፎን በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ስለ ግብር ማውሳቴ አንባቢን አያስደንቀው፤ ይህ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር የሚተርከው ስለ አንድ አጋፋሪ ነውና፤ ልዩነቱ የዚህኛው አጋፋሪ ደጅ በዐይን የማይታይ፥ እንግዶቹም ድምፆች መሆናቸው ብቻ ነው።

የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴው አልቆ ጦም በሚፈታበት ሰዓት፥ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚኖር ልጅ «እማዬ፥ እንኳን አደረሰሽ» ለማለት ስልኩን ያነሣል። እርሱ የሚያስበው ስለ እናቱ ብቻ ነው፤ በዚያው ደቂቃ እንደ እርሱ ያሉ እጅግ ብዙ ልጆች ወደ አንዲት ሀገር፥ በጥቂት በሮች ለመግባት እንደሚጋፉ ልብ አይለውም። ጥሪው ሳይደርስ ቀርቶ የመጨናነቅ ድምፅ ሲሰማ ዘግቶ እንደ ገና ይደውላል፤ አሁንም ሳይደርስ ሲቀር ሦስተኛ ይደውላል። ያ ልጅ እናቱን የሚወድ መልካም ልጅ ነው፤ ነገር ግን ሳያውቀው የጎርፉ አንድ ጠብታ ሆኗል፤ በሦስተኛው ጊዜም ሦስት ጠብታ ሆኗል።

የኤርላንግ ሒሳብ

የቴሌፎን መረብ ከጥንት ጀምሮ የተሠራው ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይናገርበታል ተብሎ አይደለም። መቶ ሺህ ባለስልክ ያለባት ከተማ ወደ ጎረቤቷ ከተማ መቶ ሺህ መስመር አትዘረጋም፤ እንዲህ ብታደርግ ከመዳቡና ከመሣሪያው የሚበዛው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። እንግዲያስ ስንት መስመር ይበቃል? ይህን ጥያቄ ከግምት አውጥቶ በሒሳብ የመለሰው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ ነው። ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1878 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዩላንድ ውስጥ ሎንቦርግ በምትባል መንደር ከአስተማሪ ቤት ተወልዶ፥ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሮ፥ በ1908 ወደ ኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ ገባ። የወረቀትና የእርሳስ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የኩባንያውን ኬብሎች ለመለካት መሰላል የተሸከመ ሠራተኛ አስከትሎ በከተማይቱ ጎዳናዎች እየዞረ ወደ ኬብል ጕድጓዶች ይወርድ እንደ ነበረ ይነገርለታል።

በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ ጥሪዎች በዘፈቀደ የሚመጡ ቢመስሉም ዘፈቀደነታቸው ራሱ ሕግ እንዳለው አሳየ፤ በ1917 ደግሞ የጥሪው ብዛትና የመስመሩ ቍጥር ቢታወቁ ከመቶ ጥሪ ስንቱ እንደሚመለስ የሚያስረዳውን ቀመር አወጣ። እርሱ በ1929 ካረፈ በኋላ፥ በ1946፥ የቴሌፎን ሥራ መለኪያ በስሙ «ኤርላንግ» ተባለ። አንድ ኤርላንግ ማለት አንድ መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ የሚሸከመው ንግግር ነው፤ ሃያ ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢነጋገሩ፥ ድምሩ ስድሳ ደቂቃ ስለሚሆን፥ አንድ ኤርላንግ ይባላል።

ከዚህ ላይ የብልኅን ሰው ግምት እንኳ የሚያስት ነገር አለ። አሥር ኤርላንግ ለሚሆን ጥሪ አሥር መስመር የሚበቃ ይመስላል፤ በኤርላንግ ቀመር ግን ከመቶው ጥሪ 21 ያህሉ መስመር አጥቶ ይመለሳል። ምክንያቱም ጥሪዎች በማኅሌት ቆመው እንደሚያሸበሽቡ ካህናት ተራቸውን ጠብቀው አይመጡም፤ አንድ ጊዜ ዐሥራ አምስቱ ተደራርበው ይመጣሉ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስቱ ብቻ መጥተው ሰባቱ መስመር ባዶውን ይቀራል። ከመቶ ጥሪ አንዱ ብቻ እንዲመለስ ከተፈለገ አሥር መስመር የሚችለው አራት ኤርላንግ ተኩል እንኳ አይሞላም። ዳሩ ግን መቶ መስመር በአንድነት ቢታሰሩ፥ በዚያው ደንብ 84 ኤርላንግ ይሸከማሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ተረት በቴሌፎን መስመር ላይ በቍጥር ተረጋግጦ ይገኛል።

ነገር ግን ኅብረት የራሱ ፈተና አለው። ጥሪው በድንገት ከመቶ ሃያ እጅ ቢጨምር፥ በአሥሩ መስመር ላይ የሚመለሰው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም፤ በመቶው መስመር ላይ የሚመለሰው ግን ወደ 8 ከፍ ይላል። ትልቁ ጕባኤ መስመሮቹን ሁሉ በሥራ ስለሚያውል፥ የክፉ ቀን ትርፍ አላስቀመጠም። የኮፐንሃገኑ ሊቅ ባበረከተው ቍጠባ የተሠራ መረብ በአዘቦት ቀን እጅግ ብርቱ፥ በጎርፍ ቀን ግን በቶሎ የሚጨነቅ ሆነ።

ጥሪ ጎርፍ ሲሆን

የኤርላንግ ቀመር የተመሠረተበት አንድ የዋህ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም መስመር ያጣ ደዋይ ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል የሚል ነው። በተራ ቀን ይህ ከእውነት ብዙ አይርቅም። በመከራና በበዓል ቀን ግን ማንም ተስፋ አይቈርጥም፤ የተመለሰው ሁሉ ደግሞ ይደውላል፥ ድጋሚውም ድጋሚን ይወልዳል። በዚህም ላይ ሌላ ምስጢር አለ፤ ጥሪ ባይሳካም በነፃ አይደለም። የስልክ ማዞሪያው በውስጡ ያለው ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ጥሪ ተቀብሎ፥ ቍጥሩን አንብቦ፥ መስመር ፈልጎ፥ አጥቶ፥ «የለም» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ጊዜውን ያጠፋል። ስለዚህ ጥሪው ከልክ ሲያልፍ ማዞሪያው የሚያሳካው ንግግር ባለበት ጸንቶ አይቆምም፤ ይልቁንም ቍልቍል ይወርዳል፤ ኀይሉን ሁሉ እምቢ በማለት ይጨርሰዋልና። አጋፋሪው ከእያንዳንዱ ደጅ ጠኚ ጋር ሲከራከር ውሎ የተጠራውን እንግዳ ሳያስገባ እንደሚመሽበት ያለ ነው።

የዚህን ነገር ምሳሌ ጃፓን በጽኑ መከራ ተማረችው። በ1995 ጥር 17 ቀን ገና ሳይነጋ፥ ከጧቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ፥ የኮቤን ከተማና አካባቢዋን የምድር መናወጥ መታት፤ ከ6,000 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ዜናው እንደ ተሰማ ከሰሜን እስከ ደቡብ ዘመድ ያለው ሁሉ ስልኩን አነሣ፤ ወደ ኮቤ የሚሄደውም ጥሪ ከወትሮው 50 እጥፍ ያህል ደረሰ። እንዲህ ያለው ጎርፍ ከየአቅጣጫው ተነሥቶ ወደ አንድ ነጥብ ስለሚሰበሰብ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው። በሰሜን ጫፍ ከምትገኘው ከሳፖሮ የሚነሣን አንድ ጥሪ በሐሳብ እንከተለው፤ ከሰፈሩ ማዞሪያ ወደ ዋናው ማዞሪያ ይወጣል፥ በየምዕራፉም አንድ አንድ መስመር ይዞ ያልፋል፤ ኮቤ ደጅ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ያን ሁሉ መንገድ የያዘው በከንቱ ነው፤ እርሱ በያዘው መስመር ግን ከሳፖሮ ወደ ቶኪዮ ለመነጋገር የፈለገና ከኮቤ ጋር ምንም ጕዳይ የሌለው ሌላ ሰው ተከለከለ። የአንዲት ከተማ መከራ የሀገሩን ሁሉ አንደበት የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

መድኀኒቱ አንድ ነው፤ የማይሳካው ጥሪ ከተነሣበት ደጅ፥ ሩቅ መንገድ ሳይጀምር፥ አንድም መስመር ሳይዝ ይመለስ። በማዞሪያዎቹ ላይ የሚታዘዘው ደንብም እንዲህ ይሠራል፤ ወደ ተጨነቀችው ከተማ የሚሄድ አንድ ጥሪ ካለፈ በኋላ፥ ለምሳሌ አምስት ሰኮንድ እስኪሞላ ድረስ ሌላ አይለፍ ይባላል። እንዲህ ከሆነ ከዚያ ማዞሪያ የሚያልፈው በደቂቃ ቢበዛ 12 ጥሪ ነው፤ ደዋዮቹ መቶ ቢሆኑም 12፥ አሥር ሺህ ቢሆኑም ያው 12 ነው። «ከመቶው ዘጠናውን መልስ» የሚለው ሌላው ደንብ ግን ይህ ጽናት የለውም፤ ደዋዩ ዐሥር እጥፍ ሲሆን የሚያልፈውም ዐሥር እጥፍ ይሆናልና። የመጀመሪያው ደንብ ግን ውጭ የቆመው ሰው ምንም ቢበዛ፥ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በአዳራሹ ልክ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ምክር አለ። በሰላም ቀን ቀጥተኛው መስመር ቢሞላ ማዞሪያው ጥሪውን በሦስተኛ ከተማ አዙሮ ያደርሰዋል፤ ይህም ቸርነት ነው። በጎርፍ ቀን ግን የዞረው ጥሪ የሁለት ጥሪ ድርሻ ይበላል፤ በሁለት መስመር ላይ ተቀምጦ አንድ ንግግር ብቻ ያደርሳልና። ሁሉም መዞር ሲጀምር አንዱ የሌላውን ቀጥተኛ መስመር እየያዘ፥ እርሱንም እንዲዞር እያስገደደ፥ መረቡ በገዛ ቸርነቱ ይታነቃል። ስለዚህ በየመስመሩ ጭፍራ ላይ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች ለቀጥተኛ ጥሪ ብቻ ተጠብቀው እንዲቀመጡ ሆነ፤ ባለቤቱ ሳይበላ እንግዳው እንዳይጨርስ ማለት ነው።

የሁለት መረቦች ድንበር

እስካሁን የተናገርነው አጋፋሪውም አዳራሹም የአንድ ጌታ በሆኑበት ቤት ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ታላቁ የቴሌፎን ኩባንያ በ1984 መጀመሪያ ላይ በብዙ ሲከፋፈል፥ በብሪታንያም በዚያው ዓመት የመንግሥቱ ቴሌፎን ወደ ግል ባለአክሲዮኖች ሲዛወርና ተወዳዳሪ ሲነሣበት፥ በኋላም ሞባይል በየሀገሩ ብዙ ኩባንያ ሲያበቅል፥ ጥሪው ከአንዱ ቤት ተነሥቶ በሌላው ቤት የሚያበቃ ሆነ። በሀገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ለብቻው በቆየበት ዘመን ይህ ድንበር የነበረው ከውጭ ሀገር መረቦች ጋር ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ጥቅምት ወር በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ድንበሩ በአንዲት ከተማ፥ እንዲያውም በአንድ ቤት ውስጥ፥ በባልና በሚስት ስልክ መካከል ያልፋል።

በድንበሩ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከሒሳብ ይልቅ የምግባር ጥያቄ ነው። በጎርፍ የተያዘው የጎረቤቱ መረብ ነው፤ ጎርፉን ሊያቆም የሚችለው ግን ጥሪዎቹ የተነሡበት መረብ ነው። የተጨነቀው በደጁ ላይ ቢመልስ ረፍዷል፤ ለመመለስ ራሱ ይደክማልና። የጥሪዎቹ ባለቤት ደግሞ ለራሱ ደንበኞች «እምቢ» የሚለው ለጎረቤቱ ጤና ሲል ነው፤ ደንበኛው የሚያማርረው ደግሞ በእርሱ ላይ ነው። አንዱ ኩባንያ ታግሦ ሲቀንስ ሌላው ሳይቀንስ ቢቀር፥ የታገሠው የለቀቀውን ቦታ ያልታገሠው ይሞላዋል፤ ትዕግሥትም እንደ ሞኝነት ተቈጥራ ትቀራለች።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ማዞሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚላላኩበት ቋንቋ ውስጥ የችግር ምልክት አኖሩ። አንድ ማዞሪያ ሲጨነቅ የመለሰውን ጥሪ በባዶ እጁ አይሰደውም፤ «የመለስሁህ መሣሪያዬ ስለ ተጨናነቀ ነው» የሚል፥ በዓለም አቀፉ ደንብ 42 ተብሎ የተቈጠረ ምክንያት ይጽፍበታል፤ ጭንቀቱም የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው ደረጃ መሆኑን ሊጨምርበት ይችላል። የላኪው ማዞሪያ ይህን አንብቦ ወደዚያ የሚሰደውን ይቀንሳል፤ ምልክቱ ሲቀር ጥቂት በጥቂት ይለቃል። በአንድ ጊዜ ቢለቀው ጎርፉ ይመለሳልና፥ ጦም ውሎ እንዳደረ ሰው በጥቂቱ መጀመር ይሻላል። ደግሞም የተጨነቀው ስንት ላኪዎች እንዳሉ ሁልጊዜ አያውቅም፤ አምሳ ማዞሪያዎች እያንዳንዳቸው 12 ጥሪ በደቂቃ ቢሰዱ ለላኪዎቹ ጥቂት ነው፥ ለተቀባዩ ግን 600 ነው። ስለዚህ ልኩ እንደ ሐውልት የቆመ ሳይሆን፥ ተቀባዩ በሚሰጠው መልስ ከፍ ዝቅ የሚል መሆን ይገባዋል።

ሆኖም የችግር መልእክት ራሱ ችግር ሊሆን እንደሚችል በ1990 ጥር 15 ቀን በአሜሪካ ታየ። በኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ የርቀት ጥሪ ማዞሪያ በጥቂት ሕመም ምክንያት ራሱን ለአጭር ጊዜ አግልሎ ለጎረቤቶቹ «ጥሪ አትስደዱብኝ» አለ፤ ሲመለስም ሥራ መጀመሩን አስታወቀ። በጎረቤቶቹ ፕሮግራም ውስጥ በቅርቡ የገባ አንድ የጽሕፈት ስሕተት ስለ ነበረ፥ ያንን ምሥራች ሲያነቡ እነርሱም ታመሙና ራሳቸውን አገለሉ፤ እነርሱ ሲድኑ ደግሞ ሌሎቹ ታመሙ። 114 ማዞሪያዎች እንዲህ እየተወዛወዙ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ በኩባንያው መረብ ከሚደረገው ጥሪም ግማሹ ያህል ሳይሳካ ቀረ። አንድም ኬብል አልተቈረጠም፥ አንድም ሕንፃ አልፈረሰም፤ ያ ሁሉ የሆነው አንዱ ለሌላው በተናገረው ቃል ነው።

ቀድሞ የሚገባ ማን ነው

ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ጎርፍ ግማሹ ድካም የለበትም። በ1985 ሐምሌ 13 ቀን ለሀገራችን ረኃብተኞች እርዳታ በለንደንና በፊላዴልፊያ ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ሲደረግ ተመልካቹ በስልክ ምጽዋት እንዲሰጥ ተጠርቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ቍጥሩም ሰዓቱም ቀድሞ ስለሚታወቅ አጋፋሪውን ከዋዜማው ማቆም ይቻላል። በአሜሪካ የራዲዮ ውድድር የሚደረግባቸውን ቍጥሮች ለብቻቸው በአንድ መነሻ ቍጥር ሥር ማኖር የተለመደውም ስለዚሁ ነው፤ ለሽልማት የሚሽቀዳደመው ሕዝብ ሐኪም የሚጠራውን እንዳይረግጠው።

ድንገተኛው መከራ ግን ዳኝነት ይጠይቃል። በ2005 ሐምሌ 7 ቀን በለንደን የምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 52 ሰው በሞተበት ዕለት፥ የከተማይቱ የንግድ ማእከል ፖሊስ በኦልድጌት ጣቢያ ዙሪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል አንድ የሞባይል መረብ ለተመረጡ ባለሥልጣኖችና ለአዳኞች ብቻ እንዲከፈት አዘዘ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሁሉም አዳኞች መሪዎች በጋራ ተሰብስበው ይህ እንዳይደረግ ከወሰኑት ውጭ የተደረገ ስለ ነበረ፥ በሚቀጥለው ዓመት የለንደን ምክር ቤት ባወጣው ምርመራ ተነቀፈ። ቀዳሚነት የሚጠቅመው ቀዳሚዎቹ አስቀድመው ሲታወቁ፥ ስልካቸውም አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነው፤ በመከራው ቀን ስም ዝርዝር የሚጽፍ አጋፋሪ ዘግይቷል።

ጃፓኖች ከኮቤ በኋላ የመረጡት ሌላ መንገድ ነበር። በ1998 መጋቢት ወር 171 የሚባል ቍጥር ከፈቱ፤ በመከራ ቦታ ያለ ሰው በዚያ ቍጥር ደውሎ እስከ 30 ሰኮንድ ድረስ «ደኅና ነኝ፥ እገሌ ትምህርት ቤት ተጠልያለሁ» ብሎ ድምፁን ይተዋል፤ ዘመዱም በራሱ ጊዜ የስልኩን ቍጥር ጠቅሶ ያዳምጣል። ሁለቱ በአንድ ደቂቃ መገናኘት ስለማይገባቸው ጎርፉ በሰዓታት ላይ ተዘርግቶ ይፈስሳል። በ2011 መጋቢት 11 ቀን ከዚያ የሚብስ የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል በመጣ ጊዜ፥ የሞባይል ኩባንያዎቹ የድምፅ ጥሪን ከመቶ 70 እስከ 95 እጅ ድረስ ከለከሉ፤ የጽሑፍ መልእክት የሚሄድበትን መንገድ ግን ያልነኩት ነበሩ፥ የነኩትም ቢበዛ ከመቶ 30 እጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድምፅ መስመር ይዞ ይቆያል፥ ጽሑፍ ግን እንደ ተላላኪ ልጅ ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኝ ሾልኮ ያልፋል፥ ካላገኘም ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ሊቃውንት ሥራ ለአንተ የተረፈው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም የማይናቅ ነው። ማዞሪያዎቹ ደጁን የሚጠብቁት የሰውን ጣት መጠበቅ ስላልቻሉ ነው። በበዓል ሌሊት ወይም እግዚአብሔር አያምጣውና በመከራ ቀን ጥሪህ ቢመለስ፥ የመለሰህ ማዞሪያ ምናልባት አምቡላንስ ለሚጠራ ሰው መንገድ እየሰጠ ነውና፥ አከታትለህ አትደውል። አጭር መልእክት ጽፈህ ላክ፤ ከዚያ ስልኩን አስቀምጠህ ጥቂት ቆይ፤ መስመር ስታገኝም «ደኅና ነን» በልና ዝጋ። ሰፊው ጨዋታ ለነገ ይደርሳል።